የነጩ ቀሚስ መብራት

ፕሎቭዲቭ፣ የማርች ወር እናት እማማ ማርታ በመጣች ማግስት

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ነፋስ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቡርጋስ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ሽታው አስጠላኝ ብለሽ እንዳትተዪው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል እንጂ ምላሴ እንደ ድሮው ነው። የእርሳስ ሥዕል የምታስተምረው ጓደኛዬ ኔቬና፣ አንቺ የሞትሽ ቀን ምላስሽን ለብቻው መቅበር ሊኖርብን ነው ትለኛለች። ሰላም በይልኝ ብላሻለች።

ከገና ወዲህ አልጻፍኩልሽም። ስትደውዪም አጣድፌ ዘጋሁብሽ። አኩርፋ ይሆን ብለሽ ከሆነ፣ አዎ፣ አኩርፌ ነበር። አሁን ለቅቆኛል። የገጠመኝን ከመጀመሪያው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ነገሩ ስለ መብራት ነው። አትሳቂ።

የማስተምርበት የሥዕል ስቱዲዮአችን ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜን እንደሚያይ ታውቂያለሽ። ሠዓሊ የሰሜን ብርሃን ለምን እንደሚወድ ባሌ ሉበን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እራት በቀረበ ቁጥር ሲነግረን አድገናል ማለት ይቻላል። ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይለዋወጥም፤ ቀለምን እንዳለ ያሳያል። እንግዲህ አምና ከመስኮታችን ፊት ለፊት አንድ ፎቅ ተሠራ። መሠራቱ ባልከፋ፤ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች ሮዝ ቀባው። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ የተቀመጠ ሞዴል ሁሉ ፊቱ ራኪያ የጠጣ ይመስላል። አንዷ ተማሪ የሰፈራችንን ቄስ ሥላ አሳየቻቸው። እሳቸውም ትክ ብለው አዩና፣ ልጄ፣ ይህን ሥዕል ጳጳሱ እንዳያዩብኝ አደራ አሏት።

መጋረጃ ዘጋን። እስኪታሰብበት ተብሎ ተራ ቢጫ አምፖሎች ተሰቀሉና ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ሥር ሣሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ቢጫ ፍሬ ነበር ያዘዝኳቸው። ሥራቸው ለሥዕል አካዳሚው መግቢያ ፈተና ሶፊያ ሄዶ ደህና ብርሃን ላይ ሲቆም ጨርቁ ሁሉ እንቁላል የፈሰሰበት ሆኖ ተገኘ። በቢጫ መብራት ነጭና ፈዛዛ ቢጫ አይለዩም፤ ሰማያዊም ጥቁር ይመስላል። ልጆቹ ቢጫውን ሲጨምሩበት አላዩትም። አንድም ልጅ አላለፈም። ራያ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ እንደሷ ያለ እጅ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ወድቃ ተመልሳ ዛሬ አጎቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ለዘንድሮው ፈተና ትዘጋጃለች። ዘንድሮም ብትወድቅ ዳቦ ቤቱ እንደሚያስቀራት አውቃለሁ። እኔ ስለ መብራት ስጮህ ልቤ ላይ ያለው የሷ ነገር ነው።

ዳይሬክተራችን ራድኮ የድሮ ተማሪዬ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ብቻ ያማረ ነገር ይወዳል። ለስቱዲዮው ቋሚ መብራት ሲመረጥ እሱ ሞቅ ያለውን፣ ወርቃማውን አመጣ። ክፍሉ ደስ እንዲል፣ ወላጆች ሲመጡ ፎቶ እንዲያምር ነው አለ። ስቱዲዮ የሠርግ አዳራሽ አይደለም አልኩት። እኔ የመረጥኩት የቀን ብርሃን የሚመስለውን ነበር። እሱ ደግሞ ያንን የሬሳ ክፍል መብራት አለው። “መምህርት፣ እርስዎ እኮ አዲስ ነገር አይወዱም” ሲለኝ፣ “አንተም አንድ ሰሞን አዲስ ነበርክ፤ ችዬ አስተምሬሃለሁ” አልኩት። ኔቬና ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። ነገሬን ታውቂዋለሽ፤ ከያዝኩ አልለቅም። በመጨረሻ ሁሉን ነገር ባንዴ የሚዘጋ ሐሳብ መጣልኝና በራሴ ጥበብ እየተደሰትኩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ።

ከስቱዲዮው ሥር፣ ታች አዳራሽ የተሰቀለውን የሉበንን ሥዕል ታውቂዋለሽ። ይቅርታ፣ ለካ አላየሽውም። እዚህ በመጣሽ ቁጥር ላሳይሽ ስል ደረጃው ጉልበቴን ያሳምመኛል እያልሽ ወርደሽ አታውቂም። እኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ድረስ ግን የአይብ ባኒጻ ትሪ ተሸክመሽ እንደ ፍየል ትወጫለሽ። እንግዲያው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ፊቷ አይታይም። የሚታየው አንገቷ፣ የቀሚሷ ጀርባ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ያረፈ እጇ፣ አንጓዋ ላይ የታሰረው፣ በማርች መባቻ ለጤና የምናስረው ነጭና ቀይ የማርች ክር ነው። ስሙ “ነጩ ቀሚስ” ይባላል። አክስታችን ስታሜና በአንድ ልክ ቆርጣ፣ በአንድ ዓይነት አንገትጌ የሰፋችልንን ሁለት ቀሚሶች ታስታውሺያለሽ፤ የኔ ነጭ፣ ያንቺ ፈዛዛ ቢጫ። የኔ እስኪነትብ ለብሼዋለሁ። ያንቺን ብል በላው ብለሽኝ ነበር።

ሉበን ይህን የሣለው እናታችን ሶፊያ ሆስፒታል ተኝታ እኔ ሳስታምማት በነበረበት ማርች ነው። አንቺ ሥራሽን ትተሽ መጥተሽ ቤቱን ያዝሽልኝ። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ሉበን ዳቦና ቲማቲም ብቻ እየበላ ይከርም ነበር። ስመለስ ሥዕሉ አልቆ፣ ታች አዳራሽ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ናፍቀሽኝ በሐሳቤ ሣልኩሽ አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ አድርጌው ኖርኩ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር፣ “ያቺ እኔ ነኝ፤ አንገቴ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር” እል ነበር።

ታች አዳራሽ መስኮት የለውም። እንዲህ ያለ ሥዕል ለምን ጨለማ ውስጥ ትሰቅለዋለህ ብዬ ብጠይቀው፣ የዘይት ቀለም ፀሐይ አይወድም አለኝ። አንዲት ቢጫ አምፖልም በገዛ እጁ ከላዩ አሰረ። ወደ ላይ እናውጣው ባልን ቁጥር ይቆጣ ነበር። ከሞተ በኋላም ቃሉን አክብሬ ከቦታው አላነሣሁትም።

እናም በዚያ ስብሰባ ላይ ራድኮን በሁሉም ፊት እንዲህ አልኩት፦

“የሉበንን ሥዕል እናምጣ። ቀሚሱ ነጭ ነው። እኔ ለብሼዋለሁ፣ እኔ አጥቤዋለሁ። ሁለቱን መብራት በየተራ እናብራበት። እውነቱን ያሳየ ይግባ፤ የዋሸ ይመለስ።”

ራድኮ ሳቀና እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። በዚያች ደካማ አምፖል ሥር ነጭ ከመሰለ በደህና ብርሃንማ እንደ በረዶ ይበራል ብዬ ነበር። የሰውን ቀለም ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩ ሴት የራሴን ለአንድ ቀን አልጠረጠርኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራኑም ተማሪዎቹም ተሰበሰቡ። ራያ እጅጌዋ ላይ ዱቄት እንዳለ ከዳቦ ቤት መጣች። ሥዕሉን ከታች አውጥተው ማቆሚያው ላይ አደረጉት፤ መጋረጃው ተዘጋ። መጀመሪያ የራድኮ ወርቃማ መብራት በራ። ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ቢበዛ ቅቤ ነክቶታል። ሁላችንም የምናውቀው ያ ሥዕል ነው። እኔ ፈገግ አልኩ፣ ገና ምን አያችሁ እንደማለት። ከዚያ እሱ ጠፋና የኔ በራ።

ቢጫ ነበር። ትንሽ ቢጫ ነክቶታል የሚባል አይደለም፤ የታወቀ፣ የጠራ፣ ፈዛዛ ቢጫ ቀሚስ። ከኋላ አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ራድኮ ደስታውን ለመደበቅ ጢሙን እያሻሸ፣ “መምህርት፣ በራስዎ ሕግ ተሸነፉ” አለኝ። በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ እንኳ አልተበገርኩም። መብራት ከመብራት ጋር አይካሰስም፤ ሰማይ ይፍረድ አልኩና ሥዕሉን የሮዙ ግድግዳ ነጸብራቅ ወደማይደርስበት ወደ ጓሮው ግቢ አስወጣሁት። ቀኑ ደመና ነበር። ለቀለም ከዚያ የተሻለ ዳኛ የለም።

ግቢውም ውስጥ ቢጫ ነው። ቀረብኩ። አንጓዋ ላይ ያለው ክር ነጩ ነጭ፣ ቀዩ ቀይ ነው። ክሩ መሐል ዘመኔን ሁሉ ጥቁር ቋጠሮ ትመስለኝ የነበረች ነጥብ ነበረች። ቋጠሮ አይደለችም። ሰማያዊ ዶቃ ናት።

የማርች ክርሽን በየዓመቱ ማን እንደሚገምድልሽ ታውቂያለሽ። ሕፃን ሳለሽ ሕመም ስላልለቀቀሽ እናታችን ለክፉ ዓይን ሰማያዊ ዶቃ ጨምሪበት አለችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሳላቋርጥ እጨምርበታለሁ። በኔ ክር ላይ ዶቃ ኖሮ አያውቅም። የዚያን ዓመቷን ዶቃ ሶፊያ፣ ከሆስፒታሉ በር ላይ ገዝቼ ነበር ከክሩ ጋር በፖስታ የላክሁልሽ።

  ያቺን አምፖል በገዛ እጁ ሲያስራት፣ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሉበንም ለካ መብራት መምረጥ ያውቅ ኖሯል።

ራድኮ ፊቴን አይቶ መሰለኝ አዘነልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ አርጅቶ ይሆናል፣ ቫርኒሽ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል አይደል እንዴ፣ ቀሚሱማ ነጭ እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ አለኝ። ለኔ ሲል ነው ያለው። እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ያ ቃል በጣም ጣፈጠኝ። አዎ፣ ቫርኒሹ ነው ብል ቀሚሴ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ አንገቱም አንገቴ፣ ባሌም ባሌ ሆኖ ይቀራል። ግን ቀሚሱ ነጭ ከሆነ እውነቱን ያሳየው የራድኮ መብራት ነው፤ እሱ ይሰቀላል፤ ልጆቹ ሌላ ክረምት እንቁላል የፈሰሰበት ጨርቅ ይሥላሉ። ቀና ስል ራያ በዱቄታም እጇ የሥዕሉን ጠርዝ ደግፋ ይዛ አየኋት። ዶቃዋን አይታታለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እንዴት ማየት እንዳለባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

“ቀሚሱ ቢጫ ነው” አልኩ። “ቫርኒሽ ቢሆን ክሩንም ቢጫ ያደርገው ነበር፤ ክሩ ነጭ ነው። ሠዓሊው ያየውን ነው የሣለው። ያልዋሸው ሁለተኛው መብራት ነው። እሱ ይግባ።”

ራድኮ ግራ ገብቶት፣ እርስዎ ግን ለብሼዋለሁ ብለው አልነበር እንዴ ብሎ ሲጀምር ኔቬና አላስጨረሰችውም።

“ራድኮ፣ እጅ ተጨባብጣችኋል። ሂድና የመብራቱን ግዢ ፈርም።”

ሁሉም ከሄደ በኋላ ክንዴን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝና ራኪያ ቀዳችልኝ።  ያቺ የከተማው ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ጋ የሚደርስ ሴት ምንም አለመጠየቋ አስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ ያኮረፍኩበት ጊዜ ነው። መቃብር ድረስ ሄጄ ሉበንን አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። አጠገቡ ያለው መቃብር ላይ ሻማ የምታበራ አሮጊት አማትባ ወደ ሌላኛው ረድፍ ሸሸች። ላንቺም ስልክ አንስቼ ቁጥርሽን ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት፤ ስትደውዪልኝ ደግሞ ምን ብዬ እንደማወራሽ ጠፋኝ። ለማንም የማላወራው ብዙ ነገር አሰብኩ። እናታችንን በቀበርን ማግስት፣ ቡርጋስ ሥራ አገኘሁ ብለሽ አንዲት ሻንጣ ይዘሽ ስትሄጂ፣ ከነሐዘኔ ትታኝ ሄደች ብዬ ስንት ዓመት እንደተቀየምኩሽ አሰብኩ። ሉበን ያን ቀን ጣቢያ ድረስ አልሸኝም ብሎ ቤት ቀረ። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት አቅፈሽኝ አልለቅ ስትዪ፣ ይህን ያህል የምታለቅሺ ከሆነ ምን አስሄደሽ ብዬ ተቆጥቼሽ ነበር። አሁን ምን እንዳስሄደሽ አልጠይቅሽም። እንዴት እንደከበደሽ ግን ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ አገባሻለሁ ያለሽን ሁሉ ስትመልሺ፣ ምርጫ አበዛች ብዬ ስቀልድብሽ የኖርኩትንም ይቅር በዪኝ።

ኩርፊያውን ያስለቀቀኝ ሥራ ነው። መብራት መምረጥ ግማሹ ነው፤ ማሰቀል ሌላ ጣጣ አለው። ዝቅ ካለ እርጥብ የዘይት ቀለም ላይ ያብረቀርቅና ልጁ ከሥዕሉ ይልቅ የመብራቱን ነጸብራቅ ሲያይ ይውላል። ሞዴሉ ላይ ብቻ ከበራ ሸራው ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ሸራው ላይ ብቻ ከበራ ልጁ ቀለሙን አሳምሮ ይቀላቅልና ሞዴሉን አያየውም። ስለዚህ ከፍ አድርገን፣ ወደ ጎን አዘንብለን፣ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ አድርገን ሰቀልነው። የመብራት ሠራተኛውን ከመሰላሉ ስንቴ እንዳስወረድኩትና ስንቴ እንዳስወጣሁት ብነግርሽ ታዝኚለታለሽ። ግድግዳውን ግራጫ አስቀባሁት፤ ባለቀለም ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤታችን ተምረናል። ወርቃማዎቹ መብራቶች ወደ መግቢያው ሄዱ። እዚያ በእውነት ያምራሉ፤ ራድኮም ፎቶ ይነሣባቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ራያ ነጭ ጨርቅ ሣለች። ሥራውን ግቢ አውጥተን አየነው። ነጩ ነጭ ነው፣ ጥላው ሰማያዊ ነው። ልጅቷ ሥዕሉን ይዛ ገብታ ሌላ ሸራ ዘረጋች። እኔ ግን በልቤ ዘፈንኩ። ዘንድሮ አትወድቅም፤ ይህን ስልሽ እንዲሁ ለምኞት ያህል አይደለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኛ ጋ ትንሽ ዘገየ እንጂ ጠርቷል። የሉበንን ሥዕል ታች አልመለስኩትም። ስቱዲዮው ውስጥ፣ አዲሱ መብራት ሥር ሰቅዬዋለሁ። ልጆቹ ሥዕል ምን እንደሆነ ካላዩ በምን ይማራሉ? እኔን ብዙ ጊዜ ሥሎኛል፤ ሁልጊዜ እየቸኮለ፣ ወጡ እንዳያርብኝ እያልኩ እኔም እየቸኮልኩ። ያን አንገት የሣለው እጅ አልቸኮለም። አይቼ ቀናሁ፤ አልደብቅሽም። ቀንቼ ስጨርስ ደግሞ ምን ያህል ያምራል አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ማለት እንደሚቻል በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

“ነጩ ቀሚስ” የሚለውን ጽሑፍ ነቅዬ ጥያለሁ። ልጆቹ ታዲያ አሁን ምን እንበለው ብለው ጠየቁኝ። ባለቀሚሷ ስትመጣ ትሰይመዋለች አልኳቸው።

የማርች ክርሽ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። እንደ ሁልጊዜው የገመድኩት እኔ ነኝ። ዶቃዋንም ጨምሬበታለሁ፤ ዘንድሮ በጥሩ ብርሃን ነው የመረጥኳት። እሰሪው። እዚያ ዛፍ አብቦ ብታዪ ግን እንደ ልማዳችን ፈትተሽ ቅርንጫፉ ላይ እንዳታንጠለጥዪው፤ የግቢያችን ኮክ እምቡጡን ይዟልና እዚህ መጥተሽ እሱ ላይ ፍቺው። ባቡር ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባኒጻ እኔ እጋግራለሁ፤ ያንቺን ያህል አይሆንልኝም፣ ትችይዋለሽ። ለጉልበትሽ አታስቢ፤ ስቱዲዮው ምድር ላይ ነው፣ አንድም ደረጃ የለውም።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ነፋሱን ያብርድልሽ፤ ደጅሽን የሰላም ያድርግልሽ። ብል ያልበላው ነገር ካለሽ ለብሰሽ ነይ።

ታላቅ እህትሽ